ካምቢዮው ከመፈታቱ በፊት

በሰሜን ሸዋ፣ በግሼዋ ከተማ ራቤል ውስጥ ሣር የሚታጨደው በማጭድ ነው። የግሼ ገበሬ የከብቱን ድርቆሽ ጎንበስ ብሎ በእጁ ያጭዳል። በመሃል ሜዳ በኩል ያለው የመንዝ ጓሳም ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት እየተዘጋና እየተከፈተ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲታጨድ የኖረው በዚሁ በማጭድ ነው። ታዲያ ወንበርና መሪ ያለው፣ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ለዚህ አገር ሰው ምኑ ነው? ማሽኑ ባይኖርም ሕመሙ አለ። ሞተሩ እያጓራ ጎማው አልሄድ ማለቱ፣ ዳገት ላይ ጉልበት መክዳቱ፣ ማርሽ እየተንገጫገጨ አልገባ ማለቱ ወፍጮ ቤቱም፣ ባጃጁም፣ አይሱዙውም፣ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሩም ዘንድ ያለ ነው። እንዲያውም ሣር ማጨጃው ለመማሪያ ይመቻል፤ ቺንጋውን፣ ፑሌጃውን፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን በአንዲት ትንሽ ሻሲ ላይ ሰብስቦ ስለያዘ አንዱን የተረዳ ሌሎቹንም ይረዳል።

በጉዳዩ ላይ የሚሰማው አስተያየት ብዙ ነው፣ እርስ በርሱም ይጣላል። የአምራቹ መመሪያ አንድ ነገር ይላል፣ የጋራዡ መካኒክ ሌላ፣ ሾፌሩ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ። የሚስማሙበትንም የሚከራከሩበትንም እያነሳሁ እሄዳለሁ፤ የራሴን አቋም ግን ከወዲሁ ልናገር። ካምቢዮ የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆን ሲገባው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ይሆናል። «ካምቢዮው ሄዷል፣ መውረድ አለበት» የሚለው ፍርድ ቶሎ ይሰጣል፣ ብዙ ያስከፍላል፣ ብዙ ጊዜም ጥፋቱ ከሳጥኑ ውጭ ሆኖ ይገኛል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ስሕተት ገንዘብ ያስወጣ ይሆናል። ራቤል ላይ ግን ዕቃው ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ ማሽኑ ተፈትቶ አቧራ ላይ ይከርማል። የተፈታ ካምቢዮ ውስጥ የገባ አሸዋ ደግሞ ቀድሞ ያልነበረውን በሽታ ያመጣል።

ጉልበት ከሞተር ተነስቶ መሬት እስኪነካ የሚሄድበት መንገድ አለው። ምርመራው ያንን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከተል ነው፤ ርካሹንና በዓይን የሚታየውን አስቀድሞ፣ ውዱንና የተደበቀውን አስከትሎ።

መጀመሪያ ሞተሩ ይጠየቃል። በመንዝ ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር ይልቅ ይከብዳል። የጓሳ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በሚስበው አየር ልክ ነው የሚሠራው። 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እዚህ 10 ወይም 11 ቢሰጥ ጤነኛ ነው እንጂ አልታመመም። ካርቡራተር ያለው የቤንዚን ሞተር ከሆነ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የሣር ማጨጃ ሞተር አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ማሽን ለከፍታ የተዘጋጀ የካርቡራተር ዕቃ እንዲገጠም የሚመክሩት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከዚያ መስመር በብዙ ትበልጣለች። ቆላ ላይ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረ ማሽን ደጋ ሲመጣ በአንደኛ ቢወጣ ማንንም መክሰስ አያስፈልግም።

ሞተሩን ከማስተላለፊያው የምንለይበት ዘዴ ጆሮ ብቻ ይጠይቃል። ጭነት ሲመጣበት የሞተሩ ድምፅ ከወረደ፣ ከተጨነቀና ሊጠፋ ከደረሰ ጉልበቱ ጎማው ድረስ እየደረሰ ነው፤ ያነሰው ከምንጩ ነው። የሞተሩ ድምፅ እንዳለ ሆኖ ወይም ጭራሽ ከፍ ብሎ ማሽኑ ግን ከቀዘቀዘ፣ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየፈሰሰ ነው። በዚህ ፈተና ብቻ ብዙ ክርክር ያልቃል። ወፍጮ ቤት ቆሞ የሚሰማ ሰውም ያውቀዋል፦ እህሉ ሲበዛ ሞተሩ ካቃሰተ አንድ ነገር ነው፣ ሞተሩ እየዘፈነ ድንጋዩ ከዘገየ ሌላ ነገር ነው።

መንገድ ላይ እየፈሰሰ ከሆነ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቺንጋ ነው። በሣር ማጨጃው ሆድ ሥር ከሞተሩ ፑሌጃ ወደ ኋላ ካምቢዮ የሚሄድ አንድ ረጅም ቺንጋ አለ። ይህን ቺንጋ የሚወጥረው በሞላ የሚሳብ ትንሽ ወጣሪ ፑሌጃ ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ሞላው ይሸነፋል፣ ቺንጋው ይላላል፣ ማሽኑ ይቆማል። ስለዚህ የዚህ ማሽን ፍሪሲዮን ራሱ ቺንጋው ነው ማለት ይቻላል። ሞላው ከደከመ፣ የወጣሪው ፑሌጃ ኩሽኔታ ከተነቀነቀ፣ ወይም የወጣሪው ክንድ በዝገትና በደረቀ ሣር ተይዞ ካልተመለሰ ቺንጋው በግማሽ ልብ ነው የሚሠራው። ማሽኑ ሜዳ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ይቆማል። ባለቤቱም «ካምቢዮው ደከመ» ይላል።

ሞተሩን አጥፍቶ፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ጎኖቹ ሰያፍ የሆኑ ቺንጋ የሚይዘው በጎንና በጎኑ እንጂ በታቹ አይደለም። አዲስ ሲሆን ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር ጋር እኩል ይሆናል። ሲበላ እየሰመጠ ሄዶ የፑሌጃውን ወለል ይነካል፤ ያን ጊዜ መያዙ ይቀርና መንሸራተት ይጀምራል። የፑሌጃው ወለል ተወልውሎ ካብረቀረቀ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። የቺንጋው ጎን ጠንክሮና ላጭቶ መስተዋት ከመሰለም ያው ነው። ማሽኑ ሲሠራ ቆይቶ እንደቆመ እጅን ወደ ፑሌጃዎቹ ጠጋ ማድረግም ይረዳል፤ የሚያንሸራትተው ፑሌጃ ከሌሎቹ ተለይቶ ይሞቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ክርክሮች አሉ። አንደኛው «የመኪና ቺንጋ ልኩ ከገጠመ ምን አለበት» የሚለው ነው። ይገጥማል፣ ይሄዳልም፣ ግን አይቆይም። የሣር ማጨጃ ቺንጋ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር እየላላና እየተወጠረ፣ በጀርባውም በኩል በወጣሪ ፑሌጃ እየታጠፈ እንዲሠራ ታስቦ ውስጡ ጠንካራ ክር ያለው፣ ውጭው በጨርቅ የተሸፈነ ነው። የመኪናው ቺንጋ ያን መታጠፍ አልለመደም። ለአንድ ሳምንት ሥራ መውጫ ከሆነ ይሁን፤ መፍትሔ ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ሁለተኛው ክርክር የሚያንሸራትት ቺንጋ ላይ የሚያጣብቅ ነገር መቀባት ነው። ቅባቱ ለጊዜው ይይዛል፤ ከዚያ አቧራውንና ዱቄቱን ሰብስቦ ጠጣር ቅርፊት ይሆንና ቺንጋውንም ፑሌጃውንም ይበላል። መንስኤው መላላት ከሆነ ማጥበቅ፣ ማለቅ ከሆነ መለወጥ ነው እንጂ መቀባት የትም አያደርስም።

የወፍጮው ነገር ትንሽ ይለያል። ብዙ ወፍጮ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ቺንጋዎች ይዞራል። አንዱ ሲበጠስ ባለቤቱ አንዱን ብቻ ገዝቶ ይገጥማል፤ ሂሳቡም በቁጠባ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን አሮጌዎቹ ተለጥጠዋል፣ አዲሱ አልተለጠጠም። ስለዚህ ጭነቱ ሁሉ በአዲሱ ላይ ይወድቅና ቶሎ ይበጠሳል፣ «የዛሬ ዕቃ እኮ ዕቃ አይደለም» ተብሎም ይታማል። አንድ ላይ መለወጥ አለባቸው። ያም ሆኖ ቺንጋ እየበላ የሚያስቸግር ወፍጮ ካለ ጥፋቱ የሞተሩና የወፍጮው ፑሌጃ አንድ መስመር ላይ አለመሆናቸው ይሆናል። ለዚህ ሲባጎ ይበቃል፦ ከአንዱ ፑሌጃ ፊት እስከ ሌላው ፊት ወጥሮ ሲይዙት አራቱንም ጠርዝ እኩል ካልነካ ሞተሩ ተነቅንቆ መስተካከል አለበት። መቼም ወፍጮ ከተነሳ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሴቶች ነጠላ ተከናንበው እህል የሚያፈሱበት ቦታ ላይ ቺንጋው መከለያ የሌለው ከሆነ፣ ያ ወፍጮ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ ሊሠራ አይገባውም።

ቺንጋው ደህና ሆኖ ካምቢዮውም እየዞረ ጎማው የማይዞርበት ጊዜ አለ። የሣር ማጨጃ የኋላ ጎማ ብዙ ጊዜ ከአክሱ ጋር የሚያያዘው በመሃላቸው በገባች አንዲት ትንሽ የብረት ሽብልቅ ነው። እሷ ከተቆረጠች ወይም ከወደቀች አክሱ ጎማው ውስጥ ብቻውን ይዞራል፤ ካምቢዮ እንደሞተ ሁሉ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ማረጋገጫው ጠመኔ ነው። ከአክሱ ጫፍ እስከ ጎማው ቋት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል፣ ማሽኑ ተነስቶ እንዲሄድ ይሞከራል። መስመሩ ከሁለት ከተከፈለ ጥፋተኛዋ ሽብልቋ ናት። በጣት የምትያዝ ብረት ናት፤ ካምቢዮ ካስወረዱ ስሕተቶች ሁሉ የምታስቆጨኝም እሷ ናት።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንጠጋ። የድሮዎቹና ርካሾቹ ሣር ማጨጃዎች እንደ መኪና በጥርስ የሚሠራ ካምቢዮ አላቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ስፋታቸው የሚለዋወጥ ፑሌጃዎችን በሁለት ቺንጋ አገናኝተው ፍጥነት ይቀያይራሉ፤ በእነዚህ ላይ ፍጥነት አልጨምር ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ቺንጋዎች ወይም ከመሃለኛው ፑሌጃ መያዝ ነው። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ግን ሃይድሮስታቲክ የሚባለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው ነው። ሞተሩ በቺንጋ ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ሌላ ትንሽ የዘይት ሞተር ያዞራል፣ እሱም በጥርስ በኩል ጎማውን ያንቀሳቅሳል። ፓምፑ ውስጥ ዘንበል ቀና የምትል አንዲት ሳህን አለች። ቀጥ ስትል ዘይት አይገፋም፣ ማሽኑ ይቆማል። ወደ አንድ ወገን ስታዘነብል ወደ ፊት፣ ወደ ሌላው ስታዘነብል ወደ ኋላ ይሄዳል። ማርሽ መቀየር የለም፣ ፍሪሲዮን የለም። ውበቱም ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ሲታመም የሚንገጫገጭ ነገር ስለሌለው ዝም ብሎ ይደክማል።

ፈጽሞ አልሄድ ያለ ሃይድሮስታቲክ ሲያጋጥም ከሁሉ በፊት ከኋላ ያለችውን የመጎተቻ ማንሻ ማየት ነው። ማሽኑ ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ እንዲገፋ ሲፈለግ ይህች ማንሻ ዘይቱ ግፊት ሳይፈጥር በአቋራጭ እንዲያልፍ ታደርጋለች። አንድ ሰው ገፍቶ አስገብቶት ማንሻዋን ሳይመልስ ከሄደ፣ በማግስቱ ሞተሩ ተነስቶ ማሽኑ ንቅንቅ አይልም። በተቃራኒው ማንሻዋ ሳትከፈት በግድ የተጎተተ ማሽን ውስጡ ሊጎዳ ይችላል። ቀጥሎ የፔዳሉ ዘንግ ይታያል፤ ዘንጉ ተጣሞ ወይም ቡሎኑ ላልቶ ሳህኗን በሙሉ የማያዘነብላት ከሆነ ማሽኑ ወደ ኋላ ደህና፣ ወደ ፊት ደካማ ይሆናል። በግማሽ የተያዘ ፍሬንም መዘንጋት የለበትም።

ዘይት የተቀየረለት ወይም ረጅም ጊዜ የቆመ ማሽን ደግሞ አየር ያስገባል። አየር እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል፤ ማሽኑም እየተንቀጠቀጠ፣ እያለቀሰ ይሄዳል። አየሩን ለማስወጣት የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ይነሳሉ፣ የፊቶቹ ይታገታሉ። የመጎተቻው ማንሻ ተከፍቶ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ፔዳሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አምስት ስድስት ጊዜ ይረገጣል። ከዚያ ማንሻው ተዘግቶ ያው ይደገማል። ማሽኑ በጸጥታና በእኩል ፍጥነት እስኪዞር ሥራው አላለቀም።

እውነተኛው የሃይድሮስታቲክ ሞት በሙቀት ነው የሚታወቀው። ጠዋት ደህና ይነሳል፣ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ዳገት ላይ ይዝላል፣ ሲያሳርፉት ነፍሱ ይመለሳል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የተበላው ፓምፕ በጎኑ ያፈስሰዋል፣ ግፊት አይገነባም። ይህን ከመፍረድ በፊት ካምቢዮው አናት ላይ ያለው ማራገቢያና የብረቱ ክንፎች በሣርና በአቧራ ተደፍነው እንደሆነ መጥረግ ያስፈልጋል። ከፍታም አለበት፦ በሳሳ አየር የሚቀዘቅዝ ነገር ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው።

አምራቹና መካኒኩ የሚጣሉትም እዚህ ነው። በአሜሪካ ቴነሲ የሚሠራው የተፍ ቶርክ ኬ46 ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ በብዙ ስም የሚሸጡ ቀላል ሣር ማጨጃዎች ላይ ተገጥሟል። ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን የለውም፤ የታሸገ ነው፣ ዘይቱ አይቀየርም የሚለው የአምራቹ ሐሳብ ነው። መካኒኮች ግን ሙሉውን አውርደው፣ ገልብጠው አፍስሰው አዲስ ዘይት ይሞላሉ፤ ብዙ ማሽንም በዚህ ነፍስ ዘርቷል። እኔ ከመካኒኮቹ ጋር ነኝ፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ያ ካምቢዮ ለጠፍጣፋ ግቢ ሣር እንጂ ለዳገት፣ ለማረስና ለከባድ ተጎታች አልተሠራም። ዘይት መቀየር ዕድሜ ይጨምርለታል፤ ያልተፈጠረበትን ጉልበት ግን አይሰጠውም። ለመንዝ ተዳፋት ማሽን የሚመርጥ ሰው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ብቻ አይቶ መግዛት የለበትም። የሚጠየቀው የካምቢዮው ዓይነት ነው።

ከሣር ማጨጃው ወደ መንገዱ ስንወጣ ፍሪሲዮን ይነግሣል። ወደ መንዝ የሚወጣው መንገድ ጣሊያኖች ዋሻ ከፈለፈሉበት ከጣርማ በር ተገንጥሎ፣ ጓሳን አቋርጦ መሃል ሜዳ ይገባል። ጭነት የያዘ አይሱዙ እዚህ ላይ ሲቆምና ሲነሳ ፍሪሲዮኑ ምን እንደሚደርስበት ሽታው ይናገራል። ዳገት ላይ መኪናን በፍሬን ሳይሆን በግማሽ ፍሪሲዮን መያዝ የብዙ ሾፌር ልማድ ነው፤ የፍሪሲዮኑን ሸራ የሚያቃጥለውም ይኸው ልማድ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ሜዳ ላይ፣ ከፊት ሰው ሳይኖር፣ የእጅ ፍሬን ጥብቅ ተደርጎ ሦስተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮን ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል። ሞተሩ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል፣ ወይም ቮላኖው ላይ ዘይት ፈስሷል፤ ዘይት ከሆነ የዘይት ማገጃውን ፓራኦሊዮ ሳይቀይሩ ሸራ ብቻ መቀየር ብር መጣል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞከረው፤ መደጋገሙ ራሱ ሸራ ያቃጥላል።

ማርሽ አልገባ ማለት የተለየ ነገር ነው። ሞተር ጠፍቶ ማርሹ በቀላሉ ከገባና ሞተር ሲነሳ እየተንገጫገጨ እምቢ ካለ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እየለቀቀ አይደለም፤ ካምቢዮው ንጹሕ ነው። የፍሪሲዮኑ ፖምፓ ዘይት ይጎድለዋል ወይም አየር ገብቶበታል። ሞተር ጠፍቶም ካልገባ ያን ጊዜ ማንሻውና ሳጥኑ ይጠረጠራሉ። ድምፅም ይመሰክራል። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ጉርምርምታ ካለ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ነው። ሲረገጥ የሚጀምር ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። የቆዩ መካኒኮች ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሳጥኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የትኛው ኩሽኔታ እንደሚያጉረመርም ይለያሉ። ዛሬም ከዚህ የሚሻል መሣሪያ ራቤል ውስጥ አያስፈልግም።

ባጃጅ ላይ ሁሉም ነገር ያው ይመስላል፣ አንድ ነገር ግን ይገለበጣል። የባጃጅ ፍሪሲዮን በሞተሩ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ፣ ብዙ ዲስክ ያለው ነው፤ ለሞተሩም ለካምቢዮውም ዘይቱ አንድ ነው። ስለዚህ ለመኪና የተሠራ፣ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም የተጨመረበት ውድ ዘይት ባጃጅ ላይ ሲደረግ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል። ባለቤቱ የተሻለ ነገር አደረግሁ ብሎ ነው የሚያበላሸው። በዘይቱ ቆርቆሮ ላይ ለሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን የሚሆን መሆኑን የሚያሳየው ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት መኖሩን ማየት ይበቃል። ሌላው የካቦው ነገር ነው። የፍሪሲዮን ካቦ በጣም ከተወጠረ ፍሪሲዮኑ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተረገጠ ይቆያል፣ ያንሸራትታል፣ ይቃጠላል። በጣም ከላላ ደግሞ ማርሽ ይንገጫገጫል። ሁለቱም በአንድ ቁልፍ መንገድ ዳር የሚስተካከሉ ናቸው፤ ካቦው ሳይነካ የወረደ የባጃጅ ሞተር ሁሉ ያለ ምክንያት የወረደ ነው።

ባለ ሁለት ጎማው ትራክተር ወደ አገራችን የመጣው በብዙ ተስፋ ነው። ሲሚት የሚባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት የአፍሪካ አገሮች ለትንንሽ ማሳዎች ሲሞክረው ቆይቷል። ከቻይና በብዛት የሚመጡት ዓይነቶች ከናፍጣ ሞተር ወደ ካምቢዮ ጉልበት የሚያደርሱት በቺንጋዎች ስለሆነ፣ ስለ ወፍጮና ስለ ሣር ማጨጃ ያልነው ሁሉ ለእነሱም ይሠራል። በሬ ሲደክም ይቆማል፤ ቺንጋ ሲደክም ግን ይቃጠላል። ድንጋያማ የመንዝ ማሳ ላይ ማረሻው ሲያዝ ቺንጋው ቀድሞ ቢያንሸራትት ካምቢዮውን አዳነው ማለት ነው። «እንዳያንሸራትት» ተብሎ ከመጠን በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታ ይሰብራል፣ ጥርስ ያራግፋል። በአውራ ጣት መሃሉን ሲጫኑት ትንሽ የሚሰጥ መሆን አለበት።

ስለ ዘይት አንድ ሁለት ነገር። በጓሳና በዙሪያው ሌሊት ውርጭ ይጥላል። የካምቢዮ ዘይት ወፍራም ነው፤ በውርጭ ጠዋት ማርሽ ከብዶ ቢገባና ሲሞቅ ቢለሰልስ በሽታ አይደለም። ለዚህ ተብሎ ቀጭን ዘይት የሚያደርግ ሰው ከሰዓት በኋላ ዳገት ላይ ይከፍላል። ክረምት ላይ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ ሳይዘገይ መፍሰስ አለበት። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው ላዩ ላይ ግራጫ ለስላሳ ዝቃጭ መገኘቱ ያለ ነገር ነው። በጥፍር የሚነሳ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ያን ጊዜ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ካምቢዮው ይውረድ። ማርሽ ከገባ በኋላ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነም፣ ማንሻው ተስተካክሎ ካልዳነ፣ እንዲሁ።

ከወረደ በኋላ ጥያቄው መጠገን ወይስ ሶማሌ ተራ ሄዶ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ መግዛት ነው። ብዙ ሰው ሙሉውን ይመርጣል፤ ፈጣን ነው። ነገር ግን የሌላ ሰው ካምቢዮ የሌላ ሰው በሽታ ይዞ ይመጣል። ጥርሱ ያልተሰበረ፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ ብቻ የሚፈልግ ካምቢዮ ያለው ሰው የራሱን ቢያስጠግን ይሻለዋል። ጥርስ ከተሰበረ መግዛት ነው፤ ግን ዘይቱን አስፈትሾ፣ በእጅ አዙሮ፣ ሁሉንም ማርሽ አስገብቶ።

ይህ ሁሉ ወሬ የሚያረጅበት ጊዜም ሩቅ አይመስልም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ባጃጆችና ሣር ማጨጃዎች ብዙዎቹ ፍሪሲዮንም ማርሽ መቀየሪያም የላቸውም። ኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ለመሥራት አየር ስለማይስብ ከፍታ ጉልበቱን አይነጥቀውም፤ ለመንዝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን እነዚያን የሚያውቅ መካኒክ ገና እየተፈለገ ሳለ፣ ባለ ቺንጋው ማሽን አብሮን ብዙ ክረምት ይከርማል።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለወላጆቻችሁ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሽን ለመላክ የምታስቡ ሁሉ፣ አንድ ልመና አለኝ። ሣር ማጨጃም ይሁን የእጅ ትራክተር ስትልኩ ልኩ የታወቀ ሁለት ትርፍ ቺንጋ፣ አንድ የወጣሪ ሞላ፣ አንድ ወጣሪ ፑሌጃና የጎማ ሽብልቆች አብራችሁ ላኩ። የማሽኑንና የካምቢዮውን የሞዴል ቁጥር ከነሰሌዳው ፎቶ አንሥታችሁ ለሚረከበው ሰው ስጡ። ካምቢዮው ሃይድሮስታቲክ ከሆነ የመጎተቻዋ ማንሻ የት እንዳለች በአማርኛ ጽፋችሁ ወንበሩ ሥር ለጥፉ። ያን ያህል ከሆነ ማሽኑ ራቤል ላይ ሲቆም ደብረ ብርሃን ድረስ መጫን አያስፈልገውም።